ከመቃብር የወጣ ባለታሪክ፦ የቫምፓየር ገጸ ባሕርይና የተራኪው ድምፅ በአውሮፓና በአሜሪካ ልቦለድ

ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል በምናስተምርበት ኮርስ ላይ አንድ ቀን የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ለምሳሌ ጠቅሼ ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እኔ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ሰውየው ምን እንደሚያስብ ግን አላወቅሁም። ክፉ መሆኑን የነገሩኝ ጠላቶቹ ናቸው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሰጠኋት መልስ ሳቁን የሚያግዝ እንጂ ጥያቄዋን የሚመልስ አልነበረም፤ ደም የሚጠጣ ፍጡር ለክፋቱ ማስረጃ አይጠየቅበትም ብዬ አለፍሁት። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ቆየ። ይህ መጣጥፍ ለዚያች ተማሪ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስለ ቫምፓየር ገጸ ባሕርይ ዕድገት በብዛት የሚሰማው አስተያየት ቀጥ ያለ መሥመር ይከተላል። ቫምፓየሩ መጀመሪያ አስፈሪ ሬሳ ነበር፤ ቀጥሎ ክፉ መኳንንት ሆነ፤ በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ የሚያፈቅርና የሚጸጸት፣ ሊታዘንለት የሚገባ ሰው መሰለ፤ ስለዚህ በጎና ክፉው ያልተለየ፣ ለብዙ ትርጓሜ የተመቸ ገጸ ባሕርይ መሆኑ የቅርብ ዘመን ፍሬ ነው ይባላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ አይስማማም። አሻሚነቱ ከመነሻው ጀምሮ የነበረ ነው። ምንጩም የቫምፓየሩ ጠባይ መለሳለስ ሳይሆን የትረካው አንፃር ነው፤ ማለትም ስለ እርሱ የሚናገሩት ሁልጊዜ ሌሎች መሆናቸው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ቫምፓየር ወደ አውሮፓ የጽሑፍ ዓለም በሰፊው የገባው በልቦለድ አይደለም፤ በመንግሥት ወረቀት ነው። በ1725 በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር በነበረው የሰርቢያ ክፍል፣ ኪሲሎቫ በተባለች መንደር፣ ፔታር ብላጎዬቪች የሚባል ገበሬ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ሟቾቹ በጣር ላይ ሳሉ «ብላጎዬቪች በሌሊት መጥቶ አነቀን» ብለው ነበር ተባለ። መንደርተኛው መቃብሩ ይከፈት ሲል የአካባቢው ሹም የበላይ ፈቃድ እስኪመጣ ቆዩ አላቸው፤ እነርሱ ግን ካልተፈቀደልን አገሩን ጥለን እንሄዳለን ብለው አስገደዱት። ሹሙም ቄስ ይዞ ሄዶ ያየውን ጻፈ። ሬሳው አልፈረሰም፤ ጠጕሩና ጥፍሩ አድጓል፤ አፉ ላይ ትኩስ ደም አለ። መንደርተኞቹ ልቡ ላይ የሾለ ችካል ተከሉበት፤ ከዚያም አቃጠሉት። ሪፖርቱ በቪየና ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1732 መጀመሪያ ፍሉኪንገር የተባለ የጦር ሐኪም ሜድቬጃ ከተባለች ሌላ የሰርቢያ መንደር አርኖልድ ፓውል ስለሚባል ሰው ተመሳሳይ ሪፖርት አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ቃሉ የእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ደረሰ።

ዛሬ የእነዚህን ሬሳዎች ምስጢር ማስረዳት አያስቸግርም። ፖል ባርበር በ1988 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የሚፈርስ አስከሬን በውስጡ በሚፈጠር ጋዝ ይነፋል፤ ደም የመሰለ ፈሳሽ በአፍ በአፍንጫው ይወጣል፤ ቆዳው ሲላጥና ሲሸሽ ጥፍሩና ጠጕሩ ያደገ ይመስላል። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የኪሲሎቫው ሹም በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ያስገባው ሐሳብ ነው፤ በዚህ ጕዳይ ስሕተት ተፈጽሞ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን በፍርሃት ራሱን የሳተው ሕዝብ ነው ይላል። እንግዲህ የመጀመሪያው የቫምፓየር ተራኪ ራሱን ከታሪኩ ለማዳን የሚጽፍ ሰው ነበር ማለት ነው። ተከሳሹ ሞቷል፤ ምስክሮቹ ፈርተዋል፤ ጸሐፊው ለእንጀራው ይሰጋል። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟን ጄራርድ ቫን ስዊተንን አማክራ በ1755 መቃብር እየከፈቱ ሬሳ ማቃጠልን ከለከለች። ፍርሃቱ በአዋጅ ሲታገድ ታሪኩ ወደ ልቦለድ ተሰደደ ብንል ማጋነን ይሆን ይሆናል፤ ብዙም ግን አያርቅም።

በ1816 የበጋ ወራት ሎርድ ባይረን በጄኔቫ ሐይቅ ዳር በተከራየው ቪላ ዲዮዳቲ፣ ፐርሲ ሼሊ፣ ኋላ ሚስቱ የሆነችው ሜሪ፣ ክሌር ክሌርሞንትና የባይረን የግል ሐኪም ጆን ፖሊዶሪ ተሰብስበው ነበር። ባለፈው ዓመት በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ አጨልሞት ስለነበር በጋው ዝናብና ብርድ ሆነ፤ እነርሱም በቤት ተከተው የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። «ፍራንከንስታይን» ከዚያ መነጨ። ባይረን ጀምሮ የተወውን ቁራጭ ታሪክ መነሻ ያደረገው የፖሊዶሪ «ቫምፓየር» ደግሞ በ1819 በአንድ የለንደን መጽሔት ወጣ፤ ያውም በባይረን ስም። ፖሊዶሪ የእኔ ነው ቢልም ብዙዎች አልሰሙትም፤ በ1821 በሃያ አምስት ዓመቱ ሞተ። ስለ ደም መጠጣት የጻፈ ሰው የራሱን ድርሰት ሌላው ሲጠጣበት ማየቱ የሚያሳዝን ገጠመኝ ነው።

የፖሊዶሪ ሎርድ ራትቨን ከኪሲሎቫው ገበሬ ፍጹም የተለየ ነው፤ ባላባት ነው፣ ግብዣ ይጠራል፣ ሴቶች ይከጅሉታል። ለተቸገረ ጨዋ ሰው አይሰጥም፤ ለቁማርተኛና ለቀማኛ ግን እጁን ይዘረጋል፤ ምጽዋቱን የተቀበለም ሁሉ ይጠፋል። ራትቨን ወጣቱን ኦብሪን ለዓመት ከአንድ ቀን ምንም እንዳይናገር ያስምለዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የኦብሪን እኅት ያገባታል፤ ቃል ኪዳኑ ሲያበቃና ኦብሪ አፉን ሲከፍት ልጅቷ ሞታለች። በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ገዳዩ ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ዝምታም ነው። ያውም የክብር ሰው ዝምታ። ኦብሪ መሐላውን ቢያፈርስ እኅቱን ያድናት ነበር፤ ግን ጨዋ ነውና አላፈረሰም። ጥያቄው ከቫምፓየሩ ወደ ጨዋው ሰው መዞር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የአየርላንዱ ደራሲ ሸሪዳን ለ ፋኑ በ1872 በመጽሐፍ መልክ የታተመው «ካርሚላ» ይህን ወደ ጥልቅ ቦታ ይወስደዋል። ላውራ እናቷ የሞተችባት፣ በስቲሪያ ደን ውስጥ ካለ ግንብ ከአባቷ ጋር የምትኖር ብቸኛ ልጅ ናት። ሠረገላ ተገልብጦ እንግዳ ሆና የቀረችው ካርሚላ ትወዳታለች፣ ታቅፋታለች፣ ሌሊት ደሟን ትጠጣለች። ላውራ ፍቅርና ጥላቻን በአንድነት እንደተሰማት ሳትደብቅ ትተርካለች። ወንዶቹ መቃብሩን ከፍተው ካርሚላን ካጠፏት ከዓመታት በኋላም የካርሚላ ኮቴ ከሳሎኑ በር ላይ የተሰማት እየመሰላት ትባንናለች። ትፈራለች ወይስ ትናፍቃለች? ጽሑፉ አይለይልንም። እኔ በበኩሌ ስለ ቫምፓየር ከተጻፉት ሁሉ ይህችን አጭር ልቦለድ አስበልጣለሁ፤ ተራኪዋ የተጎዳችው ራሷ ሆና ሳለ ክሱን ለመጻፍ እጇ የማይታዘዝላት በመሆኑ።

«ድራኩላ» በ1897 ለንደን ውስጥ ታተመ። ደራሲው የደብሊን ተወላጅ ሲሆን በጊዜው የላይሲየም ቴአትር ሥራ አስኪያጅ ነበር። መጽሐፉ ሁሉን አወቅ ተራኪ የለውም። በሃያ ሰባት ምዕራፎቹ ውስጥ የምናገኘው የወጣቱን የሕግ ሰው የጆናታን ሃርከርን የዕለት ማስታወሻ፣ የሚናንና የሉሲን ደብዳቤዎች፣ ዶክተር ሴዋርድ በፎኖግራፍ የቀዳውን ማስታወሻ፣ የመርከብ አለቃ መዝገብ፣ የጋዜጣ ቁራጭና ቴሌግራም ነው። ካውንቱ በመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች በሰፊው ይናገራል። ስለ አያቶቹ ጦርነት ይፎክራል፤ የእንግሊዝ መጻሕፍትና የባቡር ሰዓት ሰሌዳ ሰብስቦ ያጠናል፤ ለንደን ስደርስ አነጋገሬን የሰማ ሁሉ ባዕድነቴን እንዳያውቅብኝ አርመኝ ብሎ ሃርከርን ይለምናል። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ክፍል ፈገግ ሳይል አያልፈውም። አገልጋይ ስለሌለው አልጋ የሚያነጥፈውና ገበታ የሚያቀርበው ራሱ ካውንቱ መሆኑን ሃርከር ተደብቆ ያያል። ፍቅር አታውቅም ሲሉት ለሦስቱ ሴቶች እኔም ማፍቀር እችላለሁ ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ሲገባ ድምፁ ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ የሌሊት ወፍና ጉም ሆኖ ያልፋል። (ለሃርከር የላከው የአቀባበል ደብዳቤ አለ የሚል ቢኖር፣ እርሱም የሚገኘው በሃርከር ማስታወሻ ውስጥ ተገልብጦ ነው።)

ሰነዶቹን ሁሉ በታይፕ ገልብጣ በቅደም ተከተል የምታደራጃቸው ሚና ናት። ካውንቱ በሃያ አንደኛው ምዕራፍ ከቤቱ ገብቶ ዋናውን ጽሑፍና የፎኖግራፉን ሰም ያቃጥላል፤ ነገር ግን ሌላ ቅጂ በካዝና ተቆልፎ ተቀምጦ ኖሯል። በልቦለዱ መዝጊያ ላይ ሃርከር ራሱ ከዚህ ሁሉ ክምር ውስጥ እውነተኛ ሰነድ የሚባል አንድም የለም ለማለት ይቻላል፣ ሁሉም የታይፕ ግልባጭ ነው ብሎ ያምናል። ስቶከር ይህን ያስገባው አውቆ ይሁን ሳያውቅ መከራከር ይቻላል። አውቆ ነው ባይ ነኝ። በቴአትር ቤት የኖረ ሰው ከመድረክ በስተጀርባ ያለ ገጸ ባሕርይ ከመድረክ ላይ ካለው ይልቅ ተመልካቹን እንደሚይዝ ያውቃል።

ካውንቱ በዝምታው የተወው ቦታ ለሐያስያን ሰፊ ሜዳ ሆኗል። ኧርነስት ጆንስ በ1931 በሥነ ልቡና ትንተና መንገድ የታፈነ የወሲብ ፍላጎትና ፍርሃት አየበት። ፍራንኮ ሞሬቲ በ1983 በታተመው የድርሰቶች ስብስቡ ውስጥ አገልጋይ የሌለው፣ የማያባክን፣ ለመኖር ሲል ብቻ እየተስፋፋ የሚሄድ ካፒታል አደረገው። ክሪስቶፈር ክራፍት በ1984 የወንድነትና የሴትነት ድንበር ሲደበላለቅ የተፈጠረ ድንጋጤ አለው። ስቲቨን አራታ በ1990 ቅኝ ገዥዋ እንግሊዝ በሌላው ላይ ያደረገችው በእኔ ላይ ይመለስ ይሆን ስትል ያየችው ቅዠት ነው ሲል ጻፈ፤ ካውንቱ የተገደለው በችካል ሳይሆን አንዱ የጉርካ ወታደሮች በሚይዙት ዓይነት ቢላ መሆኑ ይህን ንባብ ያጠናክረዋል። ኒና አውርባክ በ1995 እያንዳንዱ ዘመን ለራሱ የሚስማማውን ቫምፓየር ይፈጥራል አለች። አራቱም አምስቱም ንባቦች ከመጽሐፉ ማስረጃ አላቸው። ባለ ጉዳዩ ቢናገር ኖሮ ግን አብዛኞቹ አይጻፉም ነበር።

ይሁንና እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዝም ያለው ድራኩላ ብቻ ነው ወይ? በአራተኛው ምዕራፍ አንዲት ገበሬ ሴት ጠጕሯን እየነጨች ከግንቡ በር ትደርሳለች። ሃርከርን በመስኮት ስታየው ገዳዩ እርሱ መስሏት ልጄን መልስልኝ ብላ ትጮኻለች። በመጽሐፉ ውስጥ የምትናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። ካውንቱ ተኩላዎቹን ይጠራል፤ ይበሏታል። ሃርከር በማስታወሻው ላይ ምን ይላል? አላዘንኩላትም፤ ልጇ ምን እንደ ሆነ ስለማውቅ መሞቷ ይሻላታል ይላል፤ ከዚያም ወደ ራሱ ጭንቀት ይመለሳል። ስለ ካውንቱ የሚቆረቆር ንባብ ይህችን ሴት ዘልሎ ካለፈ ምኑን ንባብ ሆነ? በአንጻሩ ደግሞ ደጉ ሃርከር ያለፋት እንዴት ነው? የ«ድራኩላ» የግብረ ገብ ውል ያለው በካውንቱ ልብ ውስጥ ሳይሆን በዚህች ግማሽ ገጽ ላይ ነው እላለሁ። ሚና ለገዳዩ እዘኑለት፣ ከሁሉ የባሰ ምስኪን እርሱ ነው ስትል፣ ሲሞትም ፊቱ ላይ ሰላም ማየቷን ስትጽፍ ደግነቷ ይገባናል። ለእናቲቱ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የጻፈላት ግን የለም።

ነገሩ የቃላትም ጉዳይ ስለሆነ ወደ አማርኛችን ጥቂት ልመለስ። «ቫምፓየር»ን ስንተረጕም «ደም መጣጭ» እንላለን። ቃሉ ባዶ እጁን አይመጣም። ቮልቴር እውነተኞቹ ደም መጣጮች በጠራራ ፀሐይ የሚነግዱት ናቸው ብሎ አሹፏል፤ ማርክስም በ1867 በታተመው «ካፒታል» ውስጥ ካፒታልን ከሕያው ጕልበት ደም እየመጠጠ የሚኖር ሙት አድርጎ አስሎታል። በእኛም አገር ከ1974ቱ አብዮት (በእኛ 1966 ዓ.ም.) በኋላ በመፈክር ቋንቋ «ደም መጣጭ» የሚለው ስም ለባላባቱና ለበዝባዡ ተሰጠ። የጭሰኛው በደል እውነት ነበር፤ ይህን የሚክድ ታሪክ አያውቅም። ነገር ግን ስሙ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ በደለኛውንና በቂም የተጠቆመውን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ከዚያም የቀደመ ምሳሌ አለን። ቡዳ በላው የሚባል ሕመምተኛ ጭስ እየታጠነ «ማን ነህ?» ሲባል «እገሌ ነኝ» ብሎ ይለፈልፋል። የሚናገረው አፍ የሕመምተኛው ነው፤ ስሙ የተጠራው ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ግን ምንም ሳይሰማ ቤቱ ተቀምጧል። ቡዳና ቫምፓየር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የእምነቱ አመጣጥም ሥርዐቱም ይለያያል። የምለው፣ የተከሳሹን ቃል ከከሳሹ አፍ መስማት ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ትራንሲልቫኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነው።

ሲኒማው ይህን ታሪክ በሌላ መንገድ አስፋፍቶታል። የሙርናው «ኖስፌራቱ» በ1922፣ ቤላ ሉጎሲ የተወነበት «ድራኩላ» በ1931 ሲወጡ ካውንቱ ፊትና ድምፅ አገኘ፤ ዝምታው ግን ተነካ። በልቦለድ በኩል ትልቁን ግልበጣ ያደረገው ሪቻርድ ማቲሰን ነው፤ በ1954 በጻፈው ልቦለድ የመጨረሻው ሰው ሮበርት ኔቪል ቀን ቀን ቫምፓየሮችን እየገደለ ይኖርና በፍጻሜው ለአዲሱ የቫምፓየሮች ማኅበረሰብ የሚያስፈራው ጭራቅ እርሱ ራሱ መሆኑን ይረዳል።

በ1976 አን ራይስ ለቫምፓየሩ የድምፅ መቅረጫ አቀረበችለት። «ከቫምፓየር ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ» በሚለው ልቦለዷ ሉዊ በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለአንድ ወጣት ሕይወቱን ይተርካል። ደራሲዋ በ1972 ትንሽ ልጇን በደም ካንሰር ያጣች እናት መሆኗ ይታወቃል፤ በልቦለዱ ውስጥ ለዘላለም ሕፃን ሆና የቀረችው ክላውዲያ ከዚያ ሐዘን ተነጥላ አትታይም። ሉዊ ይጸጸታል፣ ያለቅሳል፣ መግደልን ይጠየፋል፣ ይገድላልም። ብዙ አንባቢ የወደደው ለዚህ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥ ይለኛል። ሉዊ በ1791 ቫምፓየር ሲሆን በኒው ኦርሊንስ አቅራቢያ የእርሻ ባለቤትና የባሪያ ጌታ ነበር። ስለ ነፍሱ መርከስ ገጽ በገጽ የሚያወራው ሰው ገና በደም ሳይኖር በሰው ጕልበት መኖሩን እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። ባሪያዎቹ ሰው አለመሆኑን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ፤ የሚያውቁትን ግን የምንሰማው ከሉዊ አፍ ነው። ቫምፓየሩ በተራው የሌላውን ቃል ቀማ። በ1985 በወጣው ተከታይ መጽሐፍ ደግሞ ሌስታት ተነሥቶ ሉዊ ስለ እኔ የተናገረው ትክክል አይደለም ይላል፤ ተከሳሽ በተከሳሽ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ጄዌል ጎሜዝ በ1991 ባሳተመችው «የጊልዳ ታሪኮች» ውስጥ ታሪኩ በ1850 በሉዊዚያና ከባርነት በሸሸች ልጅ ይጀምራል። ያቺ ልጅ ቫምፓየር ሆና ደም ትወስዳለች፤ አትገድልም፤ በምትኩም ለሰውየው በእንቅልፉ የሚያስፈልገውን ሐሳብ ትተውለታለች። ሥራው እንደ ራይስ አይማርክም፤ አልፎ አልፎም ስብከት ይጫነዋል። ሆኖም ሉዊ ያለፋቸውን ሰዎች ወደ መድረኩ መሐል ያመጣ ነው።

ባለፈው የትምህርት ዘመን ለተማሪዎቼ አንድ መልመጃ ሰጠሁ። ካውንቱ ሰነዶቹን ባቃጠለበት ሌሊት የዕለት ማስታወሻ ቢጽፍ ኖሮ ምን ይል ነበር፣ በአንድ ገጽ ጻፉ አልኋቸው። አብዛኞቹ አስለቀሱት። ሁለት ሦስቱ አስፎከሩት። በመግቢያዬ ላይ የጠቀስኋት ተማሪ አልነበረችም፤ ተመርቃ ሄዳለች። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ግን ትእዛዙን ሳይፈጽም መጣ። የጻፈው ከግንቡ በር ላይ የደረሰችውን ሴት ነበር። ማለዳ ተነሥታ ባዶውን መኝታ ስታይ፣ ጎረቤት አትሂጂ ሲላት፣ ዳገቱን ስትወጣ፣ ጫማዋ ሲበጠስ፣ መስኮት ላይ የአንድ ሰው ፊት ስታይ፤ ግማሽ ገጽ ነው፣ ተኩላዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ያበቃል። ምን ያህል ማርክ ልስጠው ብዬ ሁለት ቀን ያዝሁት።